ከ«ሀ ሁ» እስከ ምረቃ፦ ልጆቻችን ምን ይዘው ይወጣሉ?

የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። አንድ ልጅ በ4 ዓመቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ 18 ዓመቱ እሑድ እሑድ አንድ አንድ ሰዓት ቢማር፣ ከ700 ሰዓት በላይ በእግዚአብሔር ቃል ሥር ተቀምጧል ማለት ነው። ታዲያ ሻንጣውን ሸክፎ ዩኒቨርሲቲ በሚሄድበት ቀን በልቡ ምን ይዞ ይሄዳል?

የሒሳብ ውጤቱን እናውቃለን። ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣም እናውቃለን። ሪፖርት ካርዱ ላይ በየጊዜው ፈርመናል። በእነዚያ 700 ሰዓታት ውስጥ የትኛውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እንደጨረሰ፣ የትኛውን በቃሉ እንደያዘ፣ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚጸልይ ግን ብዙዎቻችን አልጠየቅንም። ለዚህ የምንፈርምበት ካርድም የለንም።

«እኔ እንኳ ልጄን የክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው ያስገባሁት» የሚሉ ወላጆች አሉ። መልካም ነው። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የሚመራ ትምህርት ቤት ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን እንኳ፣ ለልጃችን ጥሩ ሥነ ምግባርና ጥሩ አስተማሪ ሊሰጠው ይችላል እንጂ እምነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተምሮ አይጨርስልንም። ሥራው ተመልሶ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ወደ ቤት ከመጣ ዘንድ፣ በምን ቅደም ተከተል እናስተምር? እዚህ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን ልጅን ከፊደል ጀምሮ እስከ ሊቅነት ሲያደርስ የኖረውን ትምህርት ቤት ማየት ይጠቅመናል። ይኸውም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ነው። በአስተምህሮ የምንለያይባቸው ነገሮች እንዳሉ አንባቢ ያውቃል፤ የዛሬው ርእሳችን እርሱ አይደለም። ከእኛ መካከል የብዙዎቹ አያቶችና አባቶች «ሀ ሁ» ያሉት እዚያ ነው። የተማሩበትን መንገድ በአክብሮት እንመልከተው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ንባብ ቤት

ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው የኔታ ፊት ይቀመጣል። ፊደል የተጻፈበትን ገበታ ይዞ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። ፊደሉን በረድፉ ከጨረሰ በኋላ «አቡጊዳ» ይቀጥላል፤ ይህ የፊደሉ ተራ ተቀያይሮ የሚቀርብበት ነው። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ ልጁ በዜማ ሸምድዶት እንደሆነና በእርግጥ ፊደሉን ለይቶት እንደሆነ የሚታወቀው ተራው ሲቀየር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለእኛ ትኩረት የሚስብ ነው። ልጁ ፊደል እንደለየ በመጀመሪያ የሚያነበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል አንደኛ የዮሐንስ መልእክት ነው። ልብ በሉ፤ ስለ ሕይወት ቃል፣ ስለ ብርሃን፣ ኃጢአትን ስለ መናዘዝና ወንድምን ስለ መውደድ የሚናገረው መልእክት ነው የሕፃን መጀመሪያ መጽሐፍ የሆነው። ያነበውም በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ፣ ያንኑ ክፍል ደጋግሞ ይወጣዋል። ማታ ማታ ደግሞ መጽሐፍ ሳይዝ ጸሎቶችን በቃሉ ይማራል። ቀን የዓይን ትምህርት፣ ማታ የጆሮ ትምህርት ማለት ነው።

ከወንጌለ ዮሐንስና ከሌሎች ንባቦች በኋላ ዳዊት ይመጣል። 150ው መዝሙር ከነቢያት ጸሎቶችና ከመኃልየ መኃልይ ጋር ለሳምንቱ ሰባት ቀን ተከፋፍሎ ይነበባል። ልጁ ዳዊት ሲደግም ለቤተሰቡ ትልቅ ቀን ነው፤ ወላጆች ድግስ ደግሰው የኔታን ያከብራሉ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከእርሻቸው፣ ከንግዳቸው፣ ከትዳራቸው ጋር ይኖራሉ። ነገር ግን ዳዊታቸው በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አለ፤ ማለዳ ማለዳ ይወርዳል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ዜማ ቤት

ትምህርቱን የሚቀጥል ተማሪ ከቤቱ ይወጣል። ለዲቁናና ለቅስና የሚያስፈልገውን የቅዳሴ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም ዜማ ቤት ይገባል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደነበረ በሚነገርለት በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ተማሪው ጾመ ድጓን፣ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ቀጥሎም ዝማሬና መዋሥእትን፣ ሲመቸው ደግሞ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበውን አቋቋም ይማራል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ማለትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ይነግሩታል።

የኑሮውን ነገር ካነሣን፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር መንደር ቁራሽ እየለመነ፣ ራሱ በሠራት ጎጆ ውስጥ እያደረ ነው የሚማረው። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ውሻ አለ፣ ብርድ አለ፣ በሽታ አለ። የቀደመው ተማሪ ደግሞ አዲሱን ያስተምራል፤ የኔታ ብቻቸውን አይደክሙም።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ቅኔ ቤት

እስከ አሁን ተማሪው የተቀበለውን ሲደግም ነበር። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ከራሱ እንዲያወጣ ይጠየቃል። በመጀመሪያ የግእዝን ግስና ሰዋስው ያጠናል። ከዚያ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል። ለብቻው ጥግ ይዞ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይታረማል። የተባለ ቅኔ ዳግመኛ አይባልም፤ ለነገ ሌላ አዲስ ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅ መለየትን፣ ማለትም ላይ ላዩን ከሚሰማው ቃል ሥር ያለውን ፍሬ ማውጣትን የሚማረው እዚህ ነው። ጎጃም ውስጥ ዋሸራ፣ እንዲሁም ዋድላ በዚህ ትምህርት የታወቁ ናቸው።

አራተኛው ደረጃ፦ መጻሕፍት ቤት

በመጨረሻ የትርጓሜው ጉባኤ ይመጣል። አራት ክፍል አለው፦ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። የግእዙ ንባብ ይነበባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ከዚያ «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ለረጅም ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነው። አራቱንም የያዘ ሰው «አራት ዓይና» ይባላል። ሁሉን አዳርሶ እዚህ የደረሰ ሰው ከሕይወቱ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ በትምህርት ላይ አሳልፏል።

ምረቃስ እንዴት ነው?

የወረቀት ፈተናና የማለፊያ ነጥብ በዚህ ትምህርት ቤት አልነበረም። ተማሪው «ያስመሰክራል»። ለድጓ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥእት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይሄድና በዚያ ሙያ አንጋፋ በሆነው ጉባኤ ፊት ያወቀውን ያሳያል፤ እነርሱም ይመሰክሩለታል። የሚመሰክሩለት አብረውት የኖሩና ያዩት ሰዎች ናቸው። ከዚያ መምህሩ መርቀው ይሰዱታል። ዛሬ ለዲግሪ የምንጠቀምበት «ተመረቀ» የሚለው ቃል ራሱ «ተባረከ» ማለት መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? በቋንቋችን ትምህርት የሚያልቀው በበረከት ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አንደኛ፣ ባለዕዳዎች ነን። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካይሮ ተቀምጠው ለአሥር ዓመት ያህል የተረጎሙት አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቁት የጎጃሙ መነኩሴ አባ አብርሃም ናቸው። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ብዙዎቻችን በቃላችን የያዝናቸው ጥቅሶች የሚገኙበት የ1954 ዓ.ም. ትርጉምም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት የደከሙበት ነው። እነዚያ በደበሎ ያደሩ ተማሪዎች የቆጠሩት ሰዋስው ዛሬ በየጉባኤያችን ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ያስተምረናል። የአብነት ትምህርት ቤት አብዛኛው ተማሪ መንገድ ላይ እንደሚቀር የሚያውቅ ይመስላል። ስለዚህ ቶሎ የሚወጣውም ልጅ ባዶ እጁን እንዳይወጣ አድርጎ ሠርቶታል። በዳዊት ያቆመ ሰው ማንበብ ይችላል፣ 150 መዝሙር ያውቃል፣ የዕለት ጸሎት አለው። ወገኖቼ፣ በእኛም ቤት መንገድ ላይ የሚቀሩ አሉ። በ12 ዓመቱ ከሰንበት ትምህርት የቀረ ልጃችን ምን ይዞ ቀረ? የሚያምሩ መዝሙሮች፣ ቀለም የቀባቸው ሥዕሎች፣ ስለ ኖኅ መርከብና ስለ ዳዊት ወንጭፍ የሰማቸው ታሪኮች። እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን በሌሊት ሲጨንቀው፣ ጓደኛው ሲሞትበት፣ ኃጢአት ሲያሸንፈው የሚያወጣው ቃል በልቡ አለን?

ጉድለቱም አለ

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ገጽ እንይ። በዚያ ትምህርት ቤት ትርጉም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ልጁ ዳዊትን በግእዝ ያነብባል፤ ግእዙን የሚፈታው ግን ቅኔ ቤት ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዳዊት ያቆመው ብዙኃኑ የሚወደውን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ሳይረዳው ዕድሜውን ይፈጽማል። አለንጋም ነበር። ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከደጁ ቀርተዋል፤ ምንም እንኳ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንዶችን ያስተማሩ ሊቅ ቢሆኑም።

ወንጌላውያን አባቶቻችንና እናቶቻችን የጨመሩት ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ከምፅዋ አጠገብ በምትገኘው ሞንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከባርነት የወጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው ፊደል ቆጠሩ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የተገኙት ከዚያ ነው። ደክመውበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰው ቃሉን በእናቱ ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን እንዲረዳው ማድረግ የእኛ ውርስ ነው።

እንግዲህ አደጋው ሁለት ነው። ያለ ትርጉም የተሸመደደ ቃል አለ፤ ያለ ቃል የቀረ ትርጉምም አለ። የቀደመው ትውልድ በመጀመሪያው ተቸግሮ ነበር። እኛ ደግሞ በሁለተኛው እየተቸገርን ነው። «ልጁ ዋናው ይግባው እንጂ መሸምደድ ምን ያደርጋል?» እያልን በልቡ ያስቀመጥነው ቃል ሳይኖር የሚገባው ነገር ጠፋ። እግዚአብሔር ለእስራኤል ወላጆች ያዘዘው ሁለቱንም ነው፤ ቃሉ በልብ እንዲሆን፣ ደግሞም በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆች እንዲነገር (ዘዳ. 6፥6-7)። ልጁም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዲያገኝ (ዘዳ. 6፥20-21)።

ለቤታችን የሚሆን ቅደም ተከተል

ከዚህ በመነሣት በማንኛውም ቤት ሊሠራ የሚችል ቀላል መሰላል እናቅርብ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን ብቻ ይበቃል። ይህ በዓመት 78 ሰዓት ነው፤ ከእሑዱ ትምህርት ይበልጣል።

1. እስከ 6 ዓመት፦ የጆሮ ዘመን። ልጁ እናትና አባቱ ሲጸልዩ ይስማ። አንድ ታሪክ ደጋግማችሁ ንገሩት፤ ሕፃን መደጋገም አይሰለቸውም። ሲተኛ እጃችሁን ጭናችሁ ባርኩት። የጌታን ጸሎት በዚህ ዕድሜ በቃሉ ሊይዝ ይችላል።

2. ከ7 እስከ 10 ዓመት፦ የንባብ ዘመን። ማንበብ እንደጀመረ አያቶቹ የጀመሩበትን አንደኛ ዮሐንስን በራሱ ቋንቋ ያንብብ። 105 ቁጥር ነው፤ በቀን 5 ቁጥር ቢነበብ በ21 ቀን ያልቃል። ሲያልቅ እንደገና ይጀመር፤ በሁለተኛው ዙር አንድ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። አሥርቱን ትእዛዛትና መዝሙር 1፣ 23፣ 100 እና 121ን በቃሉ ይያዝ። ሲጨርስ እንደ ጥንቱ ወላጆች ቤታችሁ ቡና አፍሉ፣ ዳቦ ቁረሱ፣ አያቶቹን ጥሩ። ልጅ የተደገሰለትን ነገር አይረሳም።

3. ከ11 እስከ 14 ዓመት፦ የዳዊት ዘመን። በሳምንት 3 መዝሙር ብታነቡ 150ውን በ50 ሳምንት ትጨርሳላችሁ። ይህ ዕድሜ ቁጣ፣ ኀፍረትና ብቸኝነት የሚጀምርበት ነው። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ቁጣውንም፣ ኀፍረቱንም፣ ብቸኝነቱንም ወደ እግዚአብሔር ፊት ይዞ መግባትን ያስተምራል። ከዚህ ጋር ከወንጌላት አንዱን ሙሉ በሙሉ ይጨርስ።

4. ከ15 እስከ 18 ዓመት፦ ከራሱ የሚያወጣበት ዘመን። ይህ የእርሱ ቅኔ ቤት ነው። የተሸመደደ ጸሎት ብቻ አትጠብቁበት፤ በራሱ ቃል ይጸልይ። ታናናሾቹን እርሱ ያስተምር። በሳምንት አንድ ቀን የቤተሰቡን ጊዜ እርሱ ይምራ። ከባድ ጥያቄ ሲያመጣ አትደንግጡ፣ አትቆጡም። «አንድም» የሚለው ትምህርት ቤት ጥያቄን አይፈራም ነበር። ቤታችን ውስጥ ያልጠየቀውን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ይጠይቀዋል፤ መልሱንም ከሌላ ሰው ያገኛል። የማታውቁት ከሆነ «አብረን እንፈልገው» በሉት።

5. ምረቃ። ልጃችሁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ማታ ለዚህ ለዩ። ዘመዶች፣ ያስተማሩት የሰንበት ትምህርት አገልጋዮች፣ መጋቢያችሁ ይገኙ። ልጁ ወይም ልጅቷ የሚያምኑትንና ጌታን ለምን እንደሚከተሉ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ያዩአቸው ሰዎችም ይመስክሩ። ገና ያልወሰነ ልጅ ቢሆንም አታስገድዱት፤ የሚናገረውን ብቻ ይናገር፤ እምነት በድግስ አይወለድም። እናንተ ግን በሁለቱም መንገድ እጃችሁን ጭናችሁ መርቁት።

ለባልና ሚስት

ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በአንድ ነገር ነው፤ የኔታ ማን እንደሆነ አልተወሰነም። ባል «እርስዋ ቤት ትውላለች» ይላል። ሚስት «እርሱ የቤቱ ራስ ነው» ትላለች። ልጁ በመካከል ያድጋል። ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ተከፋፈሉ። አንዱ ንባቡን፣ ሌላው በቃል የሚያዘውን ይያዝ። የአባት ድምፅ ግን ከዚህ ትምህርት እንዳይጠፋ አደራ እንላለን።

ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ እኅታችን፣ ወይም የትዳር ጓደኛህ እምነትህን የማትጋራ ወንድማችን፣ ይህ ለሙሉ ቤት ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ። ጢሞቴዎስ አባቱ የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፥1)። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ያወቀው ግን በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ቤት ነው (2ጢሞ. 1፥5፤ 3፥15)። ሁለት ሴቶች ሐዋርያው የሚተማመንበትን አገልጋይ አሳደጉ።

ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም አትፈሩ። ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች በቃላቸው ብቻ ትውልድ አስተምረዋል። ልጁ ያንብብ፤ እናንተ ስሙ። «እስቲ ያችን ድገማት» ማለት ትልቅ ማስተማር ነው።

ለዚህ ሳምንት መወያያ፦

- እያንዳንዱ ልጃችን ዛሬ ከቤታችን ቢወጣ በቃሉ የያዘው የእግዚአብሔር ቃል የትኛው ነው? ገምቱ ሳይሆን ልጁን ጠይቁት።
- በቀን ውስጥ ሁላችንም ቤት የምንገኝበት 15 ደቂቃ የትኛው ነው? ቴሌቪዥኑና ስልኩ ማን ዘንድ ይቀመጥ?
- በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ከዓመት ዓመት ምን እንደሚማሩ የተጻፈ ቅደም ተከተል አለ? ከሌለ ለአገልጋዮቹ በፍቅር ምን እናግዛቸው?

ተወዳጆች፣ የየኔታ ተማሪ ለቃሉ ሲል ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆ ሠርቶ፣ ከ20 ዓመት በላይ ተጉዟል። ከእኛ የሚጠየቀው 15 ደቂቃ ነው። በስንደዶም ሆነ በጣታችን የመጀመሪያዋን ቁጥር ለልጃችን እንጠቁምለት፤ ዛሬ ማታ ይጀመር። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁንም መርቃችሁ ለመሸኘት ያብቃችሁ።